ለአባባ የቆመው ቡፌ

የቫርኒሽ ሽታ ነው ያስታወሰኝ። መካኒሳ ያለውን ቤቴን ሳስተካክል፣ በልጅነቴ የሳሎናችንን ቡፌ በር አጠገብ ያዛወርኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ለዓይን አምሮ ነበር። ዓይነ ስውሩ አያቴ ግን ቤቱን በእርምጃ ቆጥረው ነበር የሚያውቁት፤ ሰው ሲመራቸው አይወዱም ነበር።

ሲገቡ እጃቸው ቡፌውን ነካ። ከመቀመጫው የተነሣላቸው እንግዳ መሰላቸው።

«በእግዜር! ተቀመጥ ልጄ፣ ለእኔ ብለህ አትቁም።»

እናቴ ሳቋን አፈነች፤ እኔ ደነገጥኩ። «አባባ፣ ቡፌው ነው፤ እኔ ነኝ ያዛወርኩት። ልመልሰው?»

ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። «ተይው፣ ጨዋ ነው። እንግዳ ስታስገቢ ግን አስቀድመሽ ንገሪኝ» ብለው እየሳቁ፣ ክንዴን ሳይዙ ወንበራቸውን አገኙ።

አሁንም ዕቃ ባዛወርኩ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ከበሩ እስከ መስኮቱ እሄዳለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ዛሬ ጠረጴዛው ጉልበቴን መታኝ፤ እንደገና ልገፋው ነው።