መልስ ሳላዘጋጅ

ሰመራ ሥራ አግኝቼ ከአዋሽ ስወጣ የንስሐ አባቴ የሸኙኝ በተግሣፅ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ግጥም አንብቤ ነበር። ድምፃቸው የሚሰነጠቅ አንድ ሽማግሌ ዘማሪ ነበሩን፤ በግጥሜ ቀለድኩባቸው። ስማቸውን ባልጠራም ሁሉም አወቃቸው፣ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ቀን በኋላ ለመዝሙር አልመጡም።

"ሄደህ ይቅርታ ጠይቃቸው" አሉኝ አባ።

"እሳቸውን አላልኩም፣ አባ።"

"አንተ ልጅ፣ ሲመክሩህ አንገትህን ትደፋለህ። ላየህ ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን አያለሁ፤ አንገትህን ደፍተህ መልስ ነው የምታዘጋጀው።"

አውቶቡስ ውስጥ በአባ ላይ የሚያፌዝ ስምንት መስመር ጻፍኩ። ጥሩ ግጥም ነበር። ዛሬ የሚያሳፍረኝ ጥሩ መሆኑ ነው።

ሰመራ ከጅቡቲ የሚመጡ ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት ጎማ ቤት ገባሁ። አለቃዬ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ መንገድ ያጋለውን ጎማ ለክቼ ግፊቱ በዝቶ ስላየሁ ነፋስ ልቀንስለት ስል እጄን ያዙኝ።

"ተው! የጋለ ጎማ አይነካም። ሙቀቱ ነው ያሳበጠው። አሁን ብታስተነፍሰው ይላላል፤ የላላ ጎማ ደግሞ ሲሄድ የባሰ ይግላል፣ ይፈነዳል። ይቁም፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ለካ።"

ሹፌሮች ቆመው ይሰማሉ። ማታ ግጥም ስጽፍ ያየኝ አንዱ፣ "ገጣሚው! ግጥም አንብብለት፣ ወዲያው ይቀዘቅዝልሃል!" አለና አሳቃቸው።

አንገቴን ደፋሁ። በሆዴ ግን "የመለኪያውን ቁጥር እንኳ አጥርተው የማያዩ ሽማግሌ" እያልኩ ነበር።

ዓርብ ቀን አለቃዬ ለጁምዓ መስጊድ ሄዱ። ያ የቀለደብኝ ሹፌር እየተቻኮለ መጣ፤ የፊት ጎማዎቹ ድንጋይ ሆነውበታል። ለካሁ። በዝቷል።

"አለቃህን አንጠብቅም?"

"እኔ አላውቅም?" አልኩና አስተነፈስኩለት።

አለቃዬ ተመልሰው "ማን መጣ?" ሲሉኝ "ማንም" አልኩ።

ከሰዓት ወሬው ደረሰ። የዚያ ሹፌር መኪና ሚሌ ሳይደርስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ተገልብጧል። ሹፌሩ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። አለቃዬ "ያ ረቢ" ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከጎማ ክምሩ ጀርባ ሄጄ ተንበረከክሁ። "አቤቱ ማረኝ" ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "ጎማው አሮጌ ነበር" የሚል ነው። ቀጥሎም "ጭነቱ ከባድ ነበር፣ እሱም ቸኩሎ ነው።" አፌን በእጄ ያዝኩ። ለእግዚአብሔርም መልስ እያዘጋጀሁ ነበር! ሰው ገድዬ ይሆናል፣ አሁንም ግን የምፈልገው ትክክል መሆን ነው። መሬቱ ጉልበቴን አቃጠለው። ከማን ፊት እንደምቆም፣ በምን አፍ እንደምለምን አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ለአለቃዬ ነገርኳቸው። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው እዚህም እዚያም ደወሉ።

"ሚሌ ሐኪም ቤት ነው። ነፍሱ አለች፣ እግሩ ግን ተሰባብሯል። እኔ ጋ ምን ታለቅሳለህ? ሂድና ለእሱ ንገረው።"

በማግስቱ ሄድኩ። ሹፌሩ እግሩ ታስሮ ጣሪያውን ያያል።

"አለቃዬ ከልክለውኝ ነበር። አውቄ ነው ያስተነፈስኩት" አልኩት።

ዓይኑን ከጣሪያው ወደ እኔ መለሰ። ከዚያ ጀመረ።

"ስቄብህ ከሆነ እኔን አትሰድበኝም? ጎማዬ ምን አደረገህ? ሽማግሌው በዚህ ፀሐይ የተማሩትን በነፃ ሲሰጡህ አንተ ማን ነህ? ለሚስቴ ምን ልበላት? አንድ ገጣሚ ተቀይሞኝ ነው ልበላት?"

"ጭነቱ…" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ሌላም መጣ፤ እሱንም ዋጥኩት። እሱ ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰማው ለመስማት ነበር።

ደክሞት ዓይኑን ጨፈነ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

"ነገም ና። አልጨረስኩም።"

"እሺ" አልኩ።

ከደጁ ሆኜ ለአባ ደወልኩላቸው። ያ ሽማግሌ ዘማሪ ተመልሰው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"አልተመለሱም" አሉኝ።

እኔም መልስ አላዘጋጀሁም።