አያ ደምሌ ይዘውት የሄዱት ቁልፍ

ባለፈው ሳምንት ባንክ ቤት፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ አንዲት ጥቁር መሣሪያ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «አባባ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉልኝ» አለችኝ። «አባባ» የሚለውን ማዕረግ ገና አልለመድኩትም። ድሮ በጣቱ የሚፈርም ሰው ፊደል ያልቆጠረ ነበር፤ ዛሬ የሠለጠነው እሱ ሆኗል። ጣቴን አሳረፍኩ፤ መሣሪያው አላወቀኝም። ደገምኩ፤ አሁንም አላወቀኝም። ሌላ መሣሪያ እስኪመጣ ወንበር ላይ ዘፍ ብዬ ስጠብቅ፣ እኛ መሆናችንን የሚያምነን አጥተን የተንከራተትንበት የግብጦ ክረምት ትዝ አለኝ።

ሚሊኒየሙ ባለፈ ሰሞን ነው። እኔ ገና ጎረምሳ ነጋዴ ነበርኩ፤ ሸሪኬ አያ ደምሌ ግን በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ከጉና ግርጌ ግብጦ እየሰበሰብን ደብረ ታቦር እናከማቻለን። ግብጦ እኛ አገር የአረቄ ማወራረጃ ነው፤ ባሕር ማዶ ግን ለከብት መኖ የሚፈልገው ገዢ ተገኘልን። የምንገናኘው በኢሜይል ነው። ታዲያ አንድ ቀን ማን እንደሆነ ያላወቅነው ሰው በእኛ ስም ጽፎ ዋጋ ጨምረናል አለው። ገዢው ተቆጣ፤ ነገሩ ሲጣራ ደግሞ፣ ከእንግዲህ በኮምፒውተር ፊርማ ያልተፈረመ መልእክት አልቀበልም፣ እኔም ፈርሜ ነው የምልክላችሁ አለ።

ፊርማውን የሠራልን ማቴዎስ የሚባል የኮምፒውተር አስተማሪ ነው፤ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ፣ የደብረ ታቦርን ብርድ ሲራገም የሚውል ልጅ። ሁለት ቁልፍ አለ አለን። አንደኛው ለገዢው የሚሰጥ ነው፤ ማንም ቢያየው ግድ የለም። ሁለተኛው የግላችን ነው፤ ፕሮግራሙ መልእክት በላክን ቁጥር እሱን አንብቦ ይፈርምበታል፤ ገዢውም በያዘው ቁልፍ ፊርማው የእኛ መሆኑን ይለያል። እኔ ግማሹ አልገባኝም። አያ ደምሌ ግን ቶሎ ገባቸው።

«ማኅተምና የማኅተም አሻራ ማለት ነዋ» አሉ። «ማኅተሙ የት ሊቀመጥ ነው?»

ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ አላቸው ማቴዎስ።

«ቁልፉን በር ላይ ሰክተን ልንሄድ?»

እሳቸው የደብራቸው ሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ ያዥ ነበሩ። ያ ሣጥን በአንድ ሰው እጅ አይከፈትም፤ ቁልፍ ያዦቹ ሁሉ ካልተገኙ ተዘግቶ ይውላል። የእኛም እንዲያ ይሁን አሉ። ማቴዎስ ፕሮግራሙን አስተካክሎ ቁልፉን ከፍላሽ ላይ ብቻ እንዲያነብ አደረገው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረውንም ቅጂ አያ ደምሌ ከኋላው ቆመው አስጠፉት። ፍላሿን በመሐረብ ጠቅልለን ሣጥን ውስጥ አኖርናት። ሁለት ጓጉንቸር ቆለፍንበት፤ የአንዱ መክፈቻ እኔ ዘንድ፣ የሌላው እሳቸው ዘንድ። ለአንዲት ኢሜይል ሁለት ሰው ሣጥን ይከፍታል። ማቴዎስ ሲስቅ ፊቱን ያዞር ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ገዢው ዝም አለ። አያ ደምሌም ዝምታውን አይተው ለፍልሰታ ሱባዔ ጣራ ገዳም ገቡ፤ ስልካቸውን ቤት ትተው፣ የጓጉንቸሩን መክፈቻ አንገታቸው ላይ አስረው። ወዲያው መልእክት መጣ። መርከብ ተገኝቷል፣ እስከ ዓርብ ፈርማችሁ ካላረጋገጣችሁ ከሌላ እገዛለሁ ይላል። መጋዘናችን እስከ ጣራው ግብጦ ነው፤ ሌላ ገዢ የለንም። ያለ ፊርማ ጻፍኩለት፤ ማን እንደሆኑ አላወቅንም ብሎ በትሕትና መለሰ። ደወልኩለት፤ ድምፅማ ማንም ያስመስላል አለኝ።

ማቴዎስ ጓጉንቸሩን በእጁ መዘን መዘን አደረገና፣ «የቻይና ነው፤ በመዶሻ አንዴ ብትለው አለቀ» አለኝ። እውነቱን ነው። መዶሻውም እዚያው ነበር። ትንሽ አየሁትና ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

እስከ ወረታ ድረስ መኪናው ላይ ከተቀመጥንበት ይልቅ ወርደን የገፋንበት ይበዛል። ከዚያ ወደ አዲስ ዘመን የሚሄድ ስጠብቅ ነፋሱ ጃንጥላዬን ገለበጠው። ወደ ገዳሙ የሚወስደውን አቀበት በእግሬ ያዝኩት፤ ዛፉ ሁሉ ይንጠባጠባል፣ ጫማዬ ውኃ ቋጥሮ እንደ እንቁራሪት ይጮሃል። ቅዳሴ ሲወጣ አንድ መነኩሴ አይተውኝ የራሰ ሽምብራ በእፍኛቸው ሰጡኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ እህል አላስታውስም።

አያ ደምሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ፤ ሲያዩኝ መርዶ ያመጣሁ መስሏቸው ደነገጡ። ነገሩን ነገርኳቸው።

«ሱባዔዬን አቋርጬ አልወርድም» አሉ።

«እንዲወርዱ አልመጣሁም፤ መክፈቻውን እንዲሰጡኝ ነው።»

«ሣጥኑ ጣውላ፣ ጓጉንቸሩ ቆርቆሮ። ስለምን አልሰበርኸውም?»

«ብሰብረው ከርስዎ ጋር በምን ዓይን እንተያያለን?»

ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ከዚያ ክሩን ከአንገታቸው ፈተው በእርጥብ እጄ ላይ አኖሩልኝ። «በል ሂድ፤ መኪና እንዳያመልጥህ።»

ሐሙስ ሣጥኑን ከፈትን። ማቴዎስ ፍላሿን ሰካ፤ ፕሮግራሙ ቁልፉን አነበበ፣ ፈረመ፣ ላከ። ያን ሁሉ አቀበት የወጣሁለት ሥራ ዓይን ከድኖ እስኪገልጡ አለቀ።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ገዢው መርከቡን ከሌላ ነጋዴ ገዝቶ ሞልቶታል፤ እስከ ዓርብ ያለውን ረስቶታል። ስለ ትዕግሥታችንም ያመሰግናል። ተስፋ አልቆርጥ ብዬ፣ ይሄም የዚያ የአስመሳዩ ይሆናል አልኩት ማቴዎስን። ፊርማውን በፕሮግራሙ መረመረና፣ «ትክክለኛ ነው» አለኝ። እንቢታው እውነተኛ መሆኑ ተረጋገጠልን።

ግብጦውን ለአረቄ ቤቶች በጣሳ በጣሳ ሸጥነው። አያ ደምሌ ፍልሰታን ፈትተው ሲመለሱ መክፈቻውን ብዘረጋላቸው፣ መዳፌን በእጃቸው ከደኑልኝና፣ «ካንተ ጋር ይዋል» አሉ። እስኪሞቱ ድረስ አብረን ነገድን።

አሁን የሁሉም ነገር ቁልፍ እኔ እጅ ነው። ስፈልግ እልካለሁ፣ ስፈልግ እፈርማለሁ፤ «እስቲ ቆይ» የሚለኝ የለም። እንዲህ ቀልጣፋ ሆኜ አላውቅም፤ እንዲህም ደክሞኝ አያውቅም። አንዳንድ ጧት፣ ነገር ከመቁረጤ በፊት፣ ዝናብ እየመታኝ አቀበት ወጥቼ የምጠይቀው ሰው ቢኖረኝ፣ ጉልበቴ አይሰንፍም ነበር።