ቀድሞ የመጣው አሜን

ዓለም ከተማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ሳቀናብር ድምፅና ምስል ተለያይተውብኝ ሳላስተካክል የቀረሁበት ቀን የለም። ስለዚህ ጋሽ ደምሴ እኔው የቀረጽኩትን የልጃቸውን ሠርግ በፍላሽ ይዘው ሲመጡ፣ ገና ሳይቀመጡ ችግሩ ገብቶኝ ነበር።

«ልጄ፣ ምርቃቱን ሳልጨርስ አሜኑ ይመጣል። ማሽንህ ተሳስቷል።»

«ቀላል ነው ጋሼ!» ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የእሳቸው ድምፅ ጋቢያቸው ላይ ከሰካሁት ማይክ፣ የእንግዶቹ ደግሞ ከካሜራው ነው የተቀዳው። አንዱ ቀድሞ ይሆናል ብዬ የእንግዶቹን አፍ አጉልቼ አየሁ። ከአሜናቸው ጋር ልክ ነው። የጋሽ ደምሴም ከንፈር ከቃላቸው ጋር ልክ ነው። ደግሜ አየሁት። እሳቸው ከአብርሃምና ከሣራ ተነስተው ገና ወደ ልጅ ልጆች ሳይደርሱ፣ ዳሱ ሙሉ ሰው ወጡ ላይ እያፈጠጠ «አሜን! አሜን!» ይላል።

ይሄ ለመራቂ ሽማግሌ እንዴት ይነገራል?

«አዎ፣ ማሽኑ ነው ጋሼ» አልኩና አሜኑን ከነምስሉ ቆርጬ ምርቃቱ መጨረሻ ላይ ቀጠልኩት።

ጋሽ ደምሴ እስከ መጨረሻው ሳይንቀሳቀሱ አዩት። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ማሽኑ እንዳልሆነማ አውቃለሁ» አሉኝ። «ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስመርቅ፣ ሲያስጨርሱኝ ዛሬ ገና አየሁ።»

ከዚያ በክር የታሰሩ አራት ፍላሾች ከኪሳቸው አወጡ።

«እኔ የመረቅኩባቸው የጎረቤት ሠርጎች ናቸው፤ የቀረጽካቸውም አንተው ነህ። በል፣ እነዚህንም አስጨርሰኝ።»