አንድ ሰላት የሚያሰግድ ጊዜ

ከሰሉ አባቴን አስከፈለኝ። ሌላውን ወጪ ትቼዋለሁ።

ዛሬም ሸዋሮቢት ገበያ ውስጥ ዝናብ የነካው የከሰል ከረጢት ሲሸተኝ መንገድ እቀይራለሁ። ነጋዴ ከገበያ ይሸሻል ወይ ትለኝ ይሆናል። ይሸሻል።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ከደብረ ሲና በታች ባለው ገደላገደል ሰዎች ግራሩንና ወይራውን እየቆረጡ ያከስሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ተቀብዬ መንገድ ዳር ለሹፌሮች እሸጥ ነበር። ዕቃው የሚታሸገው በማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ አፈሩን የሚያራቁተውን ነገር አፈር ማዳበሪያ ተብሎ በተጻፈበት እንጭን ነበር። አባቴ አንድ ቀን ክምሩን አየና፣ "አንተ ነጋዴው፣ ይሄ ሁሉ እኮ ጥላ ነበር" አለኝ።

"ጥላ ማን ይገዛል አባ?"

ሳቀ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ ሳቁ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማ ነበር። በከሰሉ ትርፍ የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዛሁለት። ወንዙ ሲጎድል ሞተሩን አሸዋው መሃል እስከቀረችው ኩሬ ያወርደው ነበር። እኛ ቆላ ያለን ሰዎች ጎርፍን በራሳችን ሰማይ አናውቀውም፤ እኛን ፀሐይ እየጠበሰን ላይ ተራራው ላይ ይዘንባል። ጎርፉ የሚደርስበትን ልክ አባቴ ከአባቱ ነው የወረሰው፤ ደብረ ሲና ከጠቆረ በኋላ ለስግደት ታጥበህ ውዱ አድርገህ፣ አንድ ሰላት ሰግደህ፣ ዕቃህን ሰብስበህ ከወንዙ ስትወጣ ጎርፉ ይደርሳል። ዕድሜውን ሙሉ አላሳሳተውም።

የዚያን ዓመት ዝናቡ በወቅቱ ጠፍቶ ከረመና የወሩን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያወርደው መጣ። ተራራው ሲጠቁር፣ "አባ፣ ሞተሩን አሁኑኑ እናውጣው" አልኩት።

"ምን ያጣድፍሃል? ሹፌር ሊያመልጥህ ነው? ገና አሁን መጥቆሩ ነው። ዙሁርን ሰግጄ አወጣዋለሁ፤ አንተ ገመድ አምጣ።"

አመንኩት። ገመዱን ይዤ ስመለስ የጭቃና የተቀጠቀጠ ቅጠል ሽታ ቀደመኝ፤ የጎርፉ ድምፅ ተከተለ። መስገጃው ዳር ላይ እንደተነጠፈ ነበር። አባቴ ወርዶ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል። እሱ ልኩን አላዛነፈም። ያዛነፈው ውሃው ነው፤ ላይ የሚያዘገየው ዛፍ አልነበረም። ዛፉን ሸጬዋለሁ።

ስጠራው ቀና አለ። ያየው እኔን አይደለም፤ ተራራውን ነው፣ የገዛ ጓደኛው እንደካደው ሰው።

በቅርቡ ለሥልጠና አዳራሽ ጠሩን። ዛፍ የተሳለበት ኮፍያ አደሉን። አሠልጣኙ፣ "አየሩ ተለውጧል" አለ።

"ማን ለወጠው?" አልኩት።

"ጥሩ ጥያቄ ነው ጋሼ፤ ከሻይ በኋላ እንመለስበታለን።"

አልተመለሰበትም። ሻዩ በረንዳው ላይ የፈላው በከሰል ነው። ኮፍያውን ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ያኔ ሞተሩን ከጎርፉ በሳምንቱ ከአሸዋ ቆፍረን አወጣነው፤ ተጠግኖ ዛሬም ይሠራል። አባቴ አልተገኘም።