ሲሞቅ የሚተወው ማቀዝቀዣ

ባለፈው ሳምንት ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ኤሲ ነበረው። አንጋጫን ሳናልፍ ቀዝቃዛው ነፋስ ቆመ። ሾፌሩ ማብሪያውን ደጋግሞ ነካካና ተወው።

"አመሉ ነው" አለ። "ጠዋት ይሠራል፣ ሲሞቅ ይተዋል። መካኒክ ጋ ስወስደው ደግሞ ደህና ይሆናል።"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ። ይህንኑ ነገር ድሮ ከወንድሜ ከማርቆስ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ማርቆስ በሰባት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ እኔ ሆሳዕና አሥራ አንደኛ ክፍል ስማር፣ እሱ በአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌርም መካኒክም ሆኖ ይሠራል። እቤት የምንናገረው ሐዲይኛ ነው። አማርኛ ቢናገርም መጻፍ ያስቸግረው ስለነበር ወረቀት የሚባል ነገር ሁሉ የእኔ ነበር። መኪናዋ ከአንድ ባለሀብት የተወረሰች አሮጌ የቤት መኪና ናት፤ ኤር ኮንዲሽን ነበራት። ሆሳዕና ብርድ ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው የሚያቀዘቅዝ መኪና ሲያይ ምን ይላል? "ማርቆስ፣ ክረምቱ አልበቃ ብሎህ ነው?" እያሉ ይቀልዱበታል። ኃላፊው ግን በበጋ ወደ ሞቃቱ ሐላባ ሲወርድ አቧራ እንዳይገባ መስኮት አያስከፍትም። ስለዚህ ማቀዝቀዣው መሥራት ነበረበት።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ስም ሲሰበሰብ፣ መሥሪያ ቤቱ ማርቆስን "ለሥራው ያስፈልጋል" ብሎ እየጻፈ ያስቀረው ነበር። እናታችን እንቅልፍ የምትተኛው በዚያች ወረቀት ነው። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የካቲት ላይ ማቀዝቀዣው መቆራረጥ ጀመረ። ማርቆስ ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ሞተሩ የሚያዞረውን ቺንጋ አጠበቀ። ጋዙ ያፈስ እንደሆነ ብሎ ቧንቧዎቹን የሳሙና አረፋ ቀባ፤ አረፋው አንድም ቦታ አልተነፋም። ግቢ ውስጥ ሞተሩን ሲያስነሳ ነፋሱ እንደ በረዶ ይመጣል። መንገድ ላይ ግን ይጠፋል።

"መቼ እንደሚተው ካወቅን ለምን እንደሚተው እናገኛለን" አለኝ። የነገረኝን በደብተሬ እጽፍለት ጀመር። አንድ ቅዳሜ አብሬው ሐላባ ወረድኩ። መንገድ ዳር የተሰጣው በርበሬ ሽታ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፤ እናታችን የቋጠረችልንን ቆጮና አይብ ጉልበቴ ላይ ይዣለሁ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ እንደደረስን ነፋሱ ቆመ። ዛፍ ጥላ ሥር አቁመን በላን። ሞተሩ ሲበርድ ማቀዝቀዣውም ተመለሰ።

"ሲሞቅ ነው" አለ ማርቆስ እጁን በሱሪው እየጠረገ። "የሆነ ነገር ሲሞቅ ይላቀቃል። አንድ ጉዞ ቢሰጡኝ አገኘዋለሁ።"

አልሰጡትም። በሳምንቱ ኃላፊው ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይዞ ሲወርድ ማቀዝቀዣው ተወ። እንግዳው በላብ ተጠመቀ። ኃላፊው ሲመለስ "ይሄ አሻጥር ነው" አለ። ማርቆስ ለዓርብ ስብሰባ ግለ ሂሱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ታዘዘ።

ከትምህርት ስመለስ እደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

"ጻፍ እንግዲህ፣ አንተ ተማሪ" አለኝ። "የሚተወው ሲሞቅ ነው። ምክንያቱን ገና አላገኘሁም። አንድ ጉዞ ይሰጠኝ።"

"ወንድም ጋሼ፣ ስብሰባ ላይ አላገኘሁም ይባላል እንዴ?"

"ካላገኘሁት ምን ልበል?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለህ። እኛ ትምህርት ቤት ጥፋቱን የተቀበለ በተግሣጽ ይታለፋል። የተከራከረ ነው የሚከፋበት።"

"ያላጠፋሁትን?"

"ለአንድ ቀን ነው። ያልፋል።"

"እሺ፣ የምታውቀው አንተ ነህ" አለና ወደ ቤት ገባ።

እኔም ጻፍኩ። ባማረ የእጅ ጽሑፍ። "በቸልተኝነቴ የመንግሥት ንብረት በአግባቡ እንዳያገለግል አድርጌአለሁ" የሚል። በጽሑፉ ኮርቼ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሱ ፈረመ።

ዓርብ ዕለት ጽሑፉ ተነበበ። ኃላፊው "ራሱ አምኗል" አለ፤ ሌላ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ማርቆስ ከሾፌርነት ተነሣ፤ መኪናዋን ሰኞ እንዲያስረክብ ተነገረው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናዋን ለማጠብ ብሎ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ጋዙን ወደሚገፋው ኮምፕረሰር የሚሄደውን ሽቦ ጎማ ልባሱን ገልጦ ጎንበስ አለ። ጫፉ ላይ ያለችው ብረት ከላይ ስትታይ ደህና ናት። በጣቱ ሲያጣምማት ግን ከሥር ተሰንጥቃለች፤ ስትሞቅ ትከፈታለች፣ ስትበርድ ትገጥማለች።

"ይቺ ናት" አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። ፊቱ አሁንም ይታየኛል።

"ተዋት" አልኩት። "ምን አገባህ አሁን?"

"እንደተበላሸች ላስረክባት?"

ቆርጦ በአዲስ ተካት። ሰኞ ኃላፊው ሐላባ ደርሶ እስኪመለስ ማቀዝቀዣው አንዴም አልተወ። የሚያመሰግነው ይመስል ፈገግ ብሎ፣ "አያችሁ? ለካ ሲፈልግ ይሠራታል" አለ አሉ። ለእሱ አሻጥሩ ተረጋገጠ። በማግሥቱ ለውትድርና ስም ሲጠየቅ የማርቆስ ማስቀሪያ ወረቀት አልተጻፈም። በዚያው ወር በጭነት መኪና ወሰዱት። ሲሳፈር "ሽቦዋን በወር አንዴ እይ በለው፣ አዲሱን ሾፌር" አለኝ። ሌላ አላለኝም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ከጦር ሜዳ አንድ የመርዶ ወረቀት መጣ። የቤቱ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ለእናታችን ወደ ሐዲይኛ መልሼ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ያንን የግለ ሂስ ወረቀት ማን እንደጻፈው ግን እስክትሞት አልነገርኳትም።

ሆሳዕና ስንደርስ ከሚኒባሱ ሳልወርድ ቆየሁ።

"ወደ ኮምፕረሰሩ የሚሄደውን ሽቦ ጫፉን አጣምመህ እየው" አልኩት ሾፌሩን። "ከላይ ደህና ይመስላል።"

"መካኒክ ነዎት እንዴ፣ አባቴ?"

"ወንድሜ ነበር።"

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማመልከቻ የሚያስጽፉ ሰዎች እቤቴ ድረስ ይመጣሉ። አሳምርልን ይሉኛል። አላሳምርም። አላውቅም ያለኝን ሰው፣ አያውቅም ብዬ እጽፋለሁ።