በመቀመጥ የሚተዳደረው ሰው

ለምን ኩንታል እንደሚሉት ማስረዳት አያስፈልግም፤ በር ላይ ሲቆም ክፍሉ ይጨልማል። የወንበር ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ሥራውም መቀመጥ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ከአናጢዎቹ እጅ የወጣ ወንበር ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይቀመጥበታል፤ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ ሲለፋ እንደዋለ ሰው ዘፍ ይልበታል፤ በመጨረሻም ወደ ኋላ ተለጥጦ ይወዛወዝበታል። ወንበሩ ከቻለው ከሥሩ በነጭ ጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ካልቻለው ደግሞ መሬት ላይ እንደተዘረረ "ይሄ አይወጣም!" ብሎ ይጮኻል። የእሱ ጠመኔ ያላረፈበት ወንበር ከግቢው ወጥቶ አያውቅም።

ሥራውን ያገኘው በጥፋት ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ጣውላ ሊያወርድ መጥቶ፣ ደንበኛ ሊረከበው በተዘጋጀ ወንበር ላይ ትንሽ አረፍ ቢል ወንበሩ እንክትክት አለ። አለቀለት ሲባል የፋብሪካው መሥራች ስብርባሪውን አገላብጠው አዩና፣ "ደንበኛው ቤት ከሚሰበር እዚሁ መሰበሩ ይሻላል። ይህን ሰውዬ ቅጠሩልኝ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ኩንታል እየወደቀ አራት ልጆች አሳደገ።

ሚስቱ ግን ዛሬም አልለመደችውም። ከሥራ ሲመለስ ቆሞ ነው የሚያወራት። "ምነው፣ አትቀመጥም?" ስትለው፣ "ኧረ ተይኝ፣ ስቀመጥ ነው የዋልኩት፤ ደክሞኛል" ይላታል። ጎረቤቶቹም ነፍሳቸው እስክትወጣ ይወዱታል፤ ሲመጣ ሲያዩት ግን ወንበሮቻቸውን ወደ ጓዳ ያሸሻሉ።

መሥራቹ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ሥራ አስኪያጅ ሆነች። ደግ ናት፣ ጎበዝም ናት፤ ችግሯ ችኮላ ብቻ ነው። የድርጅቱን ዓላማ በትልልቅ ፊደል አስጽፋ በየግድግዳው ሰቀለችው፦ ትርፍ፣ ጥራት፣ ማኅበራዊ ኃላፊነት። በሦስተኛው ለመጀመርም ለሠፈሩ ትምህርት ቤት መቶ ሃያ ወንበር ልትሰጥ ቃል ገባች። ቀን ተቆረጠ፣ እንግዳ ተጠራ፣ ማርሽ ባንድ ሳይቀር ተቀጠረ። ደረቁ እንጨት ግን ለደንበኞች ትእዛዝ አልቆ ነበር። ዋና አናጢው ገና ባልደረቀ ቁርጥራጭ እንጨት ወንበሮቹን በአራት ቀን ገጣጥሞ አደረሳቸው፤ ቀለም ሲቀቡማ ሙሽራ መሰሉ።

በርክክቡ ጠዋት እንግዳውና ባንዱ ፋብሪካው ግቢ ተሰብስበው፣ ወንበሮቹም መኪና ላይ ከተጫኑ በኋላ፣ ዋና አናጢው ኩንታልን ጠራው።

"ና እስቲ፣ ጠመኔህን ጫር ጫር አድርግባቸው።"

"ሳልቀመጥ?"

"ስጦታ እኮ ናቸው! ማን ያማርርብሃል?"

"ታዲያ የሚቀመጥባቸው ሰው አይደለም?"

ይህን ብሎ ያንን ሁሉ ገላውን ይዞ መኪናው ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ወንበር ቻለው። ሁለተኛው ላይ ሲወዛወዝ፣ ቋ! ኩንታል እግሩን ሰማይ ሰቅሎ ተንጋለለ። ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ፤ ቋ! እንግዳው ሁሉ አውካካ። ከበሮ መቺውን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሰውዬው በወደቀ ቁጥር ከበሮውን ድም ያደርግለት ጀመር።

ሥራ አስኪያጇ ፊቷ በርበሬ መስሎ እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ፣ ይውረዱ! በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነው?"

"ስምንቱ ላይ ተቀምጬ አምስቱ ተሰብረዋል። እንዴት ብዬ ልውረድ? የሚቀመጡባቸው ልጆች ናቸው።"

"አሁኑኑ ካልወረዱ ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳይደርሱ!"

ኩንታል ክው አለ። ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ የመጨረሻ ልጁም ገና ተማሪ ናት። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ገላ፣ ማን ይቀጥረዋል? እውነቱን ለመናገር ፈራ፤ ሊወርድ አንድ እግሩን ዝቅ አድርጎም ነበር። ዞር ሲል ግን የዘጠነኛውን ወንበር እግር አየ፤ ማንም ሳይነካው ተሰንጥቋል። እግሩን መለሰና ሄዶ ተቀመጠበት። ቋ! ድም!

"ቆይ፣ አሳይዎታለሁ!" አለች ሥራ አስኪያጇ። ቀሚሷን ሰብስባ መኪናው ላይ ወጣችና አንዱ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ወንበሩ ቻላት። "ይኸው! ምን ሆነ?"

"እንዲህማ የሚቀመጠው ሊያስታርቅ የመጣ ሽማግሌ ነው!" አላት ኩንታል፤ በንዴት አንቱታው ጠፋበት። "የልጅ አቀማመጥ ጠፋሽ? ወደ ኋላ ተወዛወዢ እንጂ!"

እልኋ መጣ። አንዴ ተወዛወዘች፤ ሁለቴ ተወዛወዘች፤ በሦስተኛው ቋ! አንድ ጫማዋ በርሮ ሄዶ ጥሩምባ ነፊው እቅፍ ውስጥ አረፈ። ከበሮ መቺው እንኳ እጁን ሰበሰበ። ከስብርባሪው መሃል መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ሳል መሰለ፤ ሳቅ ነበር። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ እንደ ልጅ ተንከተከተች፤ እንግዳውም ተከትሏት ያብድ ጀመር።

"ይቅርታ አድርጉልን!" አለች እንደተንጋለለች ጮክ ብላ። "ወንበሮቹ ገና ናቸው! ለደንበኛ በምንሠራበት እንጨት ሠርተን በወሩ እናመጣለን!" ከዚያ እጇን ወደ ኩንታል ዘረጋች። "ጋሼ፣ ያንሡኝ እንጂ።"

ኩንታል እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። አንቱታው አሁንም አልተመለሰም።

"መጀመሪያ ነገ ሥራ ልግባ አልግባ፣ እሱን ንገሪኝ።"

"ምን ማለትዎ ነው!" አለች ወገቧን እያሻሸች። "እርስዎ ከቀሩ ማን ሊወድቅልን ነው?"