በዊትስተብል ጉም ውስጥ የተጠራ ስም

ቅዳሜ ጠዋት ከዌምብሊ ተነስቼ ጋሽ ተስፋይን ልወስድ ኬኒንግተን ሄድኩ። ጋሽ ተስፋይ የምጽዋ ልጅ ናቸው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ማስታወስ እየከዳቸው ነው። ስለ ከተማቸው ቤቶችና ምግብ፣ ጨርሰው ሳይረሱት ጠይቄያቸው ልጽፍ ፈለግሁ። ባሕር ቢያዩ ይከፈትላቸዋል ብዬ ነው ኬንት ጠረፍ ላይ ያለችውን ዊትስተብልን የመረጥኩት።

ልጃቸው ሳባ የምትፈልገው ሌላ ነው። በየምሽቱ "ግርማይ ገባ?" እያሉ በሩን አላስቆልፍ ብለዋታል። ግርማይ በልጅነታቸው ባሕር ላይ የቀረ ታናሽ ወንድማቸው ነው።

"ወጣ ቢሉ ይተዉት ይሆናል፤ እኔ ደክሞኛል" አለችኝ፣ ኮታቸውን እየቆለፈችላቸው። "ስትደርሱ ቴክስት አድርግልኝ።"

ባቡር ላይ

ከቪክቶሪያ ጣቢያ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ጉሙ ወፈረ። ጋሽ ተስፋይ በመስኮቱ የሚታይ ነገር ሲያጡ የራሳቸውን ከተማ ያዩበት ጀመር። ግድግዳው ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ ጨው የሚያልበው ቤት። ፎቁ ላይ ወደ ውጭ የወጣ የእንጨት ፍርግርግ፤ ሴቶቹ ከውስጥ መንገደኛውን ያያሉ፣ እነሱን የሚያይ የለም። ቱርኩ፣ ግብጹ፣ ጣሊያኑ አልፈውበታል፤ አንዱ በሠራው ቅስት ላይ ሌላው በረንዳ ጨምሯል። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ የመናውያን በሚሠሩት የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል።

ስሙንም አስረዱኝ። ምጽዋ ማለት በአገሩ ቋንቋ መጥሪያ ነው ይሉ ነበር አባቶቻቸው፤ ደሴት ስለሆነች፣ ድልድይ ሳይሠራ በፊት ጀልባ የፈለገ ሰው ማዶ ቆሞ ይጣራል።

"መልስ ካልመጣስ?" አልኳቸው።

"ደግመህ ትጣራለህ" አሉኝ።

ዊትስተብል

ወደቡ ዳር ያሉት የእንጨት ጎጆዎች ጥቁር ናቸው፤ ጉሙ ውስጥ ሰው የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ። የከተማዋ መኩሪያ ኦይስተር የሚሉት ለስላሳ የባሕር እንስሳ ነው፤ ከነቅርፊቱ፣ ጥሬውን፣ ሎሚ ተጨምቆበት። ጋሽ ተስፋይ ጎንበስ ብለው መረመሩት።

"ናሆም፣ ይሄ ምግብ ነው ወይስ የሰው ንፍጥ?"

ሻጯ ምን አሉ አለችኝ። በጣም ወደውታል አልኳትና የተጠበሰ ዓሣ ከድንች ጋር ገዛሁላቸው።

ባሕሩ ሲሸሽ ከዳርቻው ወደ ውስጥ የሚዘልቅ የጠጠር መንገድ ይወጣል፤ ስትሪት ይሉታል። ጋሽ ተስፋይ ጉልበቴ አሉና ወንበር ላይ ቀሩ። እኔ ግጥም የሚሆን ነገር አገኝ እንደሆነ ብዬ ገባሁበት። ጉሙ ከኋላዬ ተዘጋ። ለመመለስ ስዞር ባሕሩ ተመልሷል፣ መንገዱ የለም፤ በግራም በቀኝም ውሃ ነው፣ ዳርቻው በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ።

ያኔ አንድ ድምፅ ተጣራ። የጠራው የእኔን ስም አልነበረም።

"ግርማይ!"

የልጅ ድምፅ ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ያውም ባሕር ነው ካልኩት አቅጣጫ። የማታውቀው ድምፅ ሲጠራህ አቤት አትበል ትለን ነበር እናቴ። ውሃው ጉልበቴ ደረሰ። እንደገና ተጠራ።

"አቤት" አልኩ።

ድምፁ ሳያቋርጥ ይጠራል፤ እኔም አቤት እያልኩ ወደ እሱ እራመዳለሁ። ውሃው እየጎደለ መጣ። ጠጠሩ ላይ ጋሽ ተስፋይ እጃቸውን እንደ ጥሩንባ አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሌላ ማንም የለም።

"ዘገየህ" አሉኝ፣ በዚያ በማውቀው ጎርናና ድምፃቸው። ኮታቸውን አውልቀው አለበሱኝ።

መልስ

ባቡሩ ውስጥ ማን እንደመሰልኳቸው ለመጠየቅ አልደፈርኩም። እሳቸው ጀመሩ።

"ናሆም መሆንህን አውቃለሁ" አሉ፣ መስኮቱን እያዩ። "እሱ ግን ያኔ ስጠራው አቤት አላለኝም።"

ለሳባ አስረክቤያቸው ዌምብሊ ገባሁ። ስለ ቤትና ስለ ዓሣ ልጽፍ ነበር የሄድኩት፤ ይኸው ጽፌያለሁ። የከተማቸው ስም ሥራ እንዳለው የገባኝ ግን ውሃው ጉልበቴ ሲደርስ ነው።

በማግስቱ ሳባ ደወለች። የዚያን ምሽት አባቷ ስለ ግርማይ አልጠየቁም። ራሳቸው ተነስተው በሩን ቆለፉና "ሁላችንም ገብተናል" አሏት።

"ሁላችንም ማለት ምን ማለት ነው?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቤቱ ውስጥ እኮ ያለነው ሁለት ነን።"